የጋራ ማኅደርና የግል ቁልፍ



ቀኑን በጽሕፈት ቤት ለሚውል ሰው ስለ መዝገብ ቤት ጥቅም መናገር ለቀባሪው እንደ ማርዳት ይቈጠራል። አንድ ፋይል ከመደርደሪያው ሲወጣ ማን እንዳወጣው፣ ወደ ማን እንደ ተመራና መቼ እንደ ተመለሰ ካልተመዘገበ የሚንገላታው ባለጉዳዩ ብቻ ሳይሆን መሥሪያ ቤቱም ጭምር ነው። ፋይሉ ጨርሶ ተቈልፎበት ማንም የማያገኘው ከሆነ ደግሞ ሥራው ይቆማል። ስለዚህ የመዝገብ ቤት ሹም ሁለት የሚጻረሩ ግዴታዎችን ሲያስታርቅ ይኖራል፤ አንደኛው ለሚገባው ሰው መስጠት፣ ሁለተኛው ከማይገባው ሰው መጠበቅ ነው።

ይህ የሹሙ ግዴታ ዛሬ ወደየቤቱ ገብቷል። በአንድ ጣራ ሥር ሁለት ወይም ሦስት ኮምፒዩተሮች በገመድ ወይም በአየር ሞገድ ተያይዘው ይገኛሉ። አባት የቤቱን የወጪ ሒሳብ፣ እናት የሥራ ጽሑፏን፣ ልጆች የትምህርት ማስታወሻቸውን ያኖሩባቸዋል፤ የቤተ ሰቡም ፎቶግራፍ ሁሉ በዚያው ተከማችቶ ይኖራል። አንዱ ያስቀመጠውን ሌላው ከተቀመጠበት ክፍል ሆኖ እንዲያነበው ማድረግ ከባድ ነገር አይደለም። ከባዱ ነገር፣ ማን ምን ያንብብ፣ ማንስ ምን ይለውጥ ብሎ መወሰን ነው። ይህ ጥያቄ ከስድሳ ዓመት በላይ ታላላቅ ሊቃውንትን ሲያደክም የኖረ ስለ ሆነ፣ ታሪኩን በአጭሩ መመልከት ዛሬ በቤታችን ለምናደርገው ነገር ብርሃን ይሰጠናል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይረዳልን።

መጀመሪያ ኮምፒዩተር የአንድ ሰው መሣሪያ ነበረ። ባለተራው ሥራውን በቀዳዳ ካርድ አዘጋጅቶ ያቀርባል፤ መኪናው የእርሱን ጨርሶ የሌላውን ይቀበላል። በ1961 በኅዳር ወር ግን በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ፕሮፌሰር ፈርናንዶ ኮርባቶና ባልደረቦቻቸው አንድ ኮምፒዩተር ብዙ ሰዎችን በአንድ ጊዜ የሚያገለግልበትን ሥርዓት ለሕዝብ አሳዩ። ሥርዓቱ በአኅጽሮት ሲ.ቲ.ኤስ.ኤስ. ይባላል። እያንዳንዱ ተጠቃሚ በጽሕፈት መኪና በሚመስል መሣሪያ ፊት ተቀምጦ ትእዛዙን ይጽፋል፤ መኪናውም ጊዜውን በጥቂት በጥቂቱ ከፋፍሎ ለሁሉም ያዳርሳል። እያንዳንዱም ሰው በዲስክ ላይ የራሱ የፋይል ማስቀመጫ ተሰጠው።

ብዙ ሰዎች በአንድ ቤት ሲኖሩ የክፍል ቁልፍ እንደሚያስፈልግ ሁሉ፣ እዚህም ቁልፍ አስፈለገ። በኮምፒዩተር ላይ የምሥጢር ቃል ከተሠራባቸው ከመጀመሪያዎቹ ሥርዓቶች አንዱ ይኸው ነበረ። በአንድ ሥራ ላይ ለተሰማሩ ሰዎች ደግሞ ሁሉም የሚያገኙት የጋራ ማኅደር ተዘጋጀላቸው። እንግዲህ የግልና የጋራ የሚለው ክፍፍል ገና ከጧቱ ተወጥኖ ነበር ማለት ነው።

ነገር ግን ቁልፉ እንደ ተሠራ ስብራቱም አብሮ መጣ። በ1960ዎቹ አጋማሽ ላይ የሆነውንና ፕሮፌሰር ኮርባቶ ራሳቸው ኋላ የተረኩትን እንመልከት። በአንድ ከሰዓት በኋላ፣ ወደ ሥርዓቱ የሚገባ ሰው ሁሉ በተለመደው የዕለቱ ማስታወቂያ ፈንታ የሁሉም ተጠቃሚዎች የምሥጢር ቃል ዝርዝር በፊቱ ታትሞ ይወጣለት ጀመር። ምክንያቱ የማንም ተንኰል አልነበረም። የጽሑፍ ማረሚያው ፕሮግራም የተሠራው በአንድ ማኅደር ውስጥ በአንድ ጊዜ አንድ ሰው ብቻ እንደሚሠራ ታስቦ ነው፤ ስለዚህ ለጊዜያዊ ፋይሉ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ስም ይሰጣል። በዚያች ሰዓት ግን ሁለት የሥርዓቱ አስተዳዳሪዎች በአንድ ማኅደር ውስጥ፣ አንዱ ማስታወቂያውን፣ ሌላው የምሥጢር ቃሉን መዝገብ ያርሙ ነበር። ሁለቱ ጊዜያዊ ፋይሎች በስም ስለ ተጋጩ የአንዱ ጽሑፍ በሌላው ቦታ ገባ። ፕሮግራሙ ለአንድ ሰው ሲሠራ እንከን አልነበረውም፤ እንከኑ የታየው ሁለተኛው ሰው በገባ ጊዜ ነው። ይህን አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ የሚቀጥለው ታሪክ በሙሉ የዚህ ነገር ትርጓሜ ነውና።

ከዚህ በኋላ የዚያው ተቋም ሊቃውንት ከቤል ላቦራቶሪና ከጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ ጋር ሆነው መልቲክስ የተባለውን ሥርዓት ጀመሩ። ዕቅዱን የሚገልጹት ጽሑፎች በ1965 ወጡ። ከነዚህ አንዱ ፋይል በማኅደር ውስጥ፣ ማኅደርም በሌላ ማኅደር ውስጥ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የሚደረደርበትን ዘዴ አቀረበ። ለእያንዳንዱም ፋይል፣ ሊያነቡት ወይም ሊለውጡት የሚችሉት ሰዎች በስማቸው የሚጻፉበት የፈቃድ ዝርዝር ተመደበለት። ባለቤቱ ፋይሉን ሲያጋራ የምሥጢር ቃሉን ለሌላ ሰው መስጠት ቀረለት፤ የሌላውን ሰው ስም በዝርዝሩ ላይ መጻፍ ብቻ ይበቃዋል። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የቤትን ቁልፍ ለጎረቤት በማዋስና ጎረቤትን በስሙ አውቆ በር በመክፈት መካከል ያለው ልዩነት ምን ያህል እንደ ሆነ አንባቢ ያውቀዋል።

ቤል ላቦራቶሪ በ1969 ከመልቲክስ ሥራ ሲለይ፣ ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ የተባሉት ሠራተኞቹ ዩኒክስን ፈጠሩ። እነርሱ ረጅሙን ዝርዝር አሳጠሩት። ኋላ ሥር በሰደደው ደንብ መሠረት፣ በዩኒክስ ሰዎች ሁሉ ለአንድ ፋይል ከሦስት ወገን አይወጡም፤ ባለቤቱ፣ ባለቤቱ የወሰነው ቡድን፣ ከዚያም የቀረው ሰው ሁሉ። ለእያንዳንዱ ወገን ሦስት ፈቃድ አለ፤ ማንበብ፣ መጻፍ፣ ማሠራት። ሦስት ጊዜ ሦስት ዘጠኝ ይሆናል። ይህች ዘጠኝ ምልክት ያላት አጭር ደንብ እስከ ዛሬ ድረስ በሊኑክስና በማክ ኮምፒዩተሮች ውስጥ ትሠራለች።

እስከዚህ ድረስ የተናገርነው በአንድ ታላቅ መኪና ዙሪያ ስለ ተሰበሰቡ ሰዎች ነው። በ1973 ግን ዜሮክስ ኩባንያ በካሊፎርኒያ ባቋቋመው የምርምር ማዕከል፣ ለአንድ ሰው አንድ የሚሰጥ አልቶ የተባለ ኮምፒዩተር ተሠራ። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ሮበርት ሜትካፍ ኮምፒዩተሮችን በአንድ ገመድ የሚያያይዘውን ኢተርኔትን በጽሑፍ አቀረቡ፤ ከዴቪድ ቦግስ ጋር ሆነውም ሠሩት። እያንዳንዱ ሰው የራሱ መኪና ካለው፣ የጋራ የሆነው ፋይል በማን መኪና ውስጥ ይቀመጥ? መልሱ፣ ሥራው ፋይል መጠበቅና ለሚጠይቁት ማቀበል ብቻ የሆነ አንድ ኮምፒዩተር ማቆም ሆነ። ይህ ሰርቨር የሚባለው ነው። መዝገብ ቤቱ ከሹሙ ጋር ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

በነሐሴ 1981 አይ.ቢ.ኤም. የግል ኮምፒዩተሩን ለገበያ አቀረበ። ይህ ኮምፒዩተር ብዙ ሰው ቤት ገባ፤ ነገር ግን ከቀደሙት ታላላቅ መኪናዎች የተወረሰውን አንድ ትምህርት ጥሎ መጣ። ዶስ የተባለው ሥርዓቱ ተጠቃሚን በስም አያውቅም፤ የምሥጢር ቃል የለውም፤ ፋይልም ባለቤት የለውም። በመኪናው ፊት የተቀመጠ ሁሉ ጌታው ነው። ለአንድ ሰው የተሠራ ስለ ሆነ ይህ እንደ ጉድለት አልታየም። ያ የጽሑፍ ማረሚያ ፕሮግራምም ለአንድ ሰው የተሠራ እንደ ነበር ግን አንዘንጋ።

ብዙም ሳይቆይ እነዚህን ባለቤት የለሽ መኪናዎች ማያያዝ ተፈለገ። ኖቬል ኩባንያ በ1983 ኔትዌር የተባለውን የፋይል ሰርቨር ሥርዓት አወጣ። በአይ.ቢ.ኤም. ውስጥ ደግሞ ባሪ ፋይገንባውም የተባሉት መሐንዲስ፣ አንድ ኮምፒዩተር በሌላው ውስጥ ያለውን ፋይል የራሱ እንደ ሆነ አድርጎ የሚከፍትበትን የመነጋገሪያ ደንብ አዘጋጁ። ይህ ደንብ ኤስ.ኤም.ቢ. ይባላል። ማይክሮሶፍት ተቀብሎ አስፋፋው፤ ዛሬም በቤታችን አንዱ የዊንዶውስ ኮምፒዩተር ከሌላው ፋይል ሲቀበል የሚነጋገሩት በዚህ ቋንቋ ተከታይ ትርጕሞች ነው።

በሌላ ወገን ሰን ማይክሮሲስተምስ ኩባንያ በ1980ዎቹ አጋማሽ ኤን.ኤፍ.ኤስ. የተባለውን ለዩኒክስ ኮምፒዩተሮች አወጣ። የዚህ ሥርዓት ጠባይ በቤት ውስጥ ፋይል ለሚጋራ ሰው ትልቅ ትምህርት ስላለበት ጥቂት እንቆይበት። ዩኒክስ ሰውን በውስጡ የሚያውቀው በስሙ ሳይሆን በቍጥር ነው። በልማዳዊው የኤን.ኤፍ.ኤስ. አሠራር ጠያቂው ኮምፒዩተር፣ ይህ ፋይል የሚፈለገው ቍጥሩ ይህን ያህል ለሆነ ሰው ነው ብሎ ይናገራል፤ ሰርቨሩም ቃሉን አምኖ ይቀበላል። በአንድ መሥሪያ ቤት ቍጥሩን ሁሉ አንድ አስተዳዳሪ ሲሰጥ ይህ ይሠራል። በቤት ውስጥ ግን እያንዳንዱ ኮምፒዩተር ቍጥር የሚሰጠው በራሱ ነው። በብዙ የሊኑክስ ኮምፒዩተሮች የመጀመሪያው ሰው 1000፣ ሁለተኛው 1001 ይባላል። አባት በአንዱ ኮምፒዩተር ላይ መጀመሪያ ተመዝግቦ፣ ልጅቱም በሌላው ላይ መጀመሪያ ተመዝግባ እንደ ሆነ ሁለቱም 1000 ናቸው። ስለዚህ በሰርቨሩ ዓይን አባትና ልጅ አንድ ሰው ይሆናሉ፤ የአንዱ የግል ማኅደር ለሌላው ይከፈታል። በተቃራኒው አንድ ሰው በሁለት ኮምፒዩተሮች ሁለት ቍጥር ካለው፣ የገዛ ፋይሉን ለመክፈት ሲሞክር አልተፈቀደልህም ይባላል። በየቤቱ ሰዎችን የሚያስገርመው የዚህ ዓይነት እንቢታ አብዛኛውን ጊዜ የመኪና ብልሽት ሳይሆን የስምና የቍጥር አለመስማማት ነው።

አሁን ከአሜሪካ ወጥተን ወደ አውስትራሊያ እንሻገር። በ1991 መጨረሻ ላይ አንድሩ ትሪጄል የተባሉ በካንቤራ የአውስትራሊያ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ከዲጂታል ኩባንያ የፋይል መጋሪያ ፕሮግራም ጋር የሚነጋገር ሰርቨር ጻፉ። ደንቡን የሚገልጽ መጽሐፍ በእጃቸው አልነበረም፤ በገመዱ ላይ የሚተላለፈውን መልእክት እያዳመጡ ትርጕሙን አወጡት። ኋላ ዘዴውን ሲገልጹ፣ ፈረንሳይኛ የማያውቅ ሰው በፈረንሳይ ቡና ቤት ተቀምጦ፣ ደንበኞች ለአስተናጋጁ የሚሉትንና አስተናጋጁ የሚያመጣላቸውን እያስተያየ ቋንቋውን እንደሚማር አድርገው መሰሉት። ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ የባለቤታቸውን የዊንዶውስ ኮምፒዩተር ከራሳቸው የሊኑክስ ኮምፒዩተር ጋር ማገናኘት ፈለጉ። ያንኑ አሮጌ ፕሮግራም ቢሞክሩት ሠራ። ሳያውቁት ያጠኑት ቋንቋ ለካ ኤስ.ኤም.ቢ. ኖሯል። ዛሬ በብዙ የቤት ፋይል ማኖሪያ ዕቃዎች ውስጥ የሚሠራው ሳምባ የተባለው ፕሮግራም በባልና በሚስት ኮምፒዩተሮች መካከል እንዲህ ቆመ። ስሙም ቢሆን የዳንስ ፍቅር አላመጣውም፤ የመጀመሪያው ስም የሌላ ኩባንያ የንግድ ምልክት ሆኖ ስለ ተገኘ፣ ትሪጄል ኤስ፣ ኤምና ቢ የሚባሉት ፊደላት በተርታ የሚገኙባቸውን ቃላት ከመዝገበ ቃላት ፈልገው ካገኟቸው ጥቂት ቃላት አንዱን መረጡ።

የዚህ ነገር ፍጻሜ ከቤት አልፎ እስከ ፍርድ ቤት ደረሰ። ማይክሮሶፍት ደንቡን እያሻሻለ ሲሄድ ዝርዝሩን ለተወዳዳሪዎች አልሰጠም በሚል የአውሮፓ ኮሚሽን በመጋቢት 2004 የ497 ሚሊዮን ዩሮ ቅጣት ወሰነበት፤ ዝርዝሩንም እንዲገልጥ አዘዘው። በሉክሰምቡርግ ያለው ፍርድ ቤት በመስከረም 2007 ውሳኔውን አጸና። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር የሳምባ ሠራተኞች በድርጅት በኩል 10,000 ዩሮ አንድ ጊዜ ተከፍሎላቸው የደንቡን ሰነድ ለማየት በቁ። ሁለት ኮምፒዩተሮች የሚነጋገሩበት ቋንቋ የአንድ ነጋዴ ምሥጢር ይሁን ወይስ የሁሉ? ይህ ጥያቄ በተራ ቤት ውስጥ ምን እንደሚገዛና ምን ከምን ጋር እንደሚስማማ የወሰነ ጥያቄ ነበረ።

ወደ ቤታችን እንመለስ። ማይክሮሶፍት በ1992 ዊንዶውስ ፎር ወርክግሩፕስ የተባለውን፣ በ1995 ደግሞ ዊንዶውስ 95ን ሲያወጣ፣ ማንኛውም ሰው በጥቂት እርምጃ ማኅደሩን ለጎረቤት ኮምፒዩተር መክፈት ቻለ። ነገር ግን በተራው ቤት የተለመደው አጠባበቅ ለሰው ሳይሆን ለማኅደር ቁልፍ የሚሰጥ ነበር፤ ቃሉን ያወቀ ሁሉ ይገባል፤ ማን እንደ ገባ አይለይም። ይህም ሳያንስ በ2000 በጥቅምት ወር አንድ ታላቅ ነውር ተገለጠ። መኪናው የምሥጢር ቃሉን ሲመረምር ርዝመቱን የሚቀበለው ከጠያቂው ስለ ነበረ፣ ጠያቂው የእኔ ቃል አንድ ፊደል ነው ቢለው የመጀመሪያዋን ፊደል ብቻ አመሳክሮ ያስገባው ነበር። ዘበኛው ሌባውን፣ ስንት ቁልፍ ላስከፍትህ? ብሎ እንደ መጠየቅ ነው። ማይክሮሶፍት ማስተካከያ አወጣ፤ ማስተካከያውን ያላስገቡ ኮምፒዩተሮች ግን በ2002 በተነሣው ኦፓሰርቭ በተባለ ተዛማች ፕሮግራም ተጠቁ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለው የአባቶች ቃል እዚህ ደረሰ።

በ1993 ከወጣው ከዊንዶውስ ኤንቲ ጀምሮ ግን ማይክሮሶፍት ሰውን በስሙ የሚያውቅ ሌላ መንገድ ነበረው። በዚህ መንገድ ሁለት በር አለ፤ አንዱ የግቢ በር ነው፣ ይኸውም ማኅደሩ በመረብ ሲጋራ የሚሰጠው ፈቃድ። ሁለተኛው የክፍል በር ነው፣ ይኸውም በዲስኩ ላይ በፋይሉ የተጻፈው ፈቃድ። በመረብ የሚመጣ ሰው ሁለቱንም ማለፍ አለበት፤ የሚጸናውም ጠባቡ ነው። በግቢው በር ሁሉም ይግባ ቢባል እንኳ የክፍሉ በር ለስሙ ካልተከፈተ ሰውየው ደጅ ይቀራል። በ2001 የወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ የቤት እትሙ ግን ነገሩን ለማቅለል ሲል በመረብ የሚመጣውን ሁሉ እንግዳ በሚል አንድ ስም ተቀበለ። ባልም፣ ሚስትም፣ ልጅም፣ መንገደኛም አንድ እንግዳ ሆኑ። በ2009 ዊንዶውስ 7 የቤት ቡድን የሚሰኝ ሌላ ዘዴ አመጣ፤ ለቤቱ ሁሉ አንድ የምሥጢር ቃል ይሰጣል። ይህም በ2018 ከዊንዶውስ 10 ወጣ።

በዚህ ጊዜ የቤቱ ግድግዳ ራሱ ተለውጦ ነበር። ከ1999 ጀምሮ ገመድ የለሹ መረብ በየቤቱ ተስፋፋ፤ ያው መረብም ከኢንተርኔት ጋር ተያያዘ። የአሮጌው ኤስ.ኤም.ቢ. ጉድለት ምን ያህል እንደሚያስከፍል ዓለም ያየው በግንቦት 12 ቀን 2017 ነው። ዋናክራይ የተባለ አጥፊ ፕሮግራም የቀደመውን የኤስ.ኤም.ቢ. ትርጕም ቀዳዳ ተከትሎ በ150 ያህል አገሮች ከ200,000 በላይ ኮምፒዩተሮችን ያዘ፤ የያዘውን ፋይል ሁሉ በምሥጢር ጽሕፈት ቈልፎ ገንዘብ ካልተከፈለኝ አልፈታም አለ። በእንግሊዝ አገር ሐኪም ቤቶች ቀጠሮ እስከ መሰረዝ ደረሱ። የሚያሳዝነው፣ ማይክሮሶፍት ማስተካከያውን ያወጣው ከሁለት ወር በፊት በመጋቢት መሆኑ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነበር።

እንግዲህ የተከበራችሁ አንባቢዎች፣ ከዚህ ሁሉ ታሪክ ለቤታችን ምን እናተርፋለን? አራት ነገር ይበቃናል።

አንደኛ፣ በቤቱ ላለው ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ ስምና የራሱ የምሥጢር ቃል ይኑረው፤ በሁሉም ኮምፒዩተር ላይ ስሙም ቍጥሩም አንድ ይሁን። አንድ ቃል ለሁሉ ማከፋፈል ይቀላል፤ ነገር ግን ፋይል በጠፋ ቀን ማን እንዳጠፋው የሚናገር ምስክር አይገኝም፤ ቃሉም ከአንዱ ባፈተለከ ጊዜ የሁሉም በር ይከፈታል።

ሁለተኛ፣ ማኅደሩን ለይተን እናጋራ እንጂ ዲስኩን በሙሉ አንክፈት። ለሁሉ የሚሆን አንድ የጋራ ማኅደር፣ ለየሰው ደግሞ የየግሉ ይኑረው። የቤተ ሰቡን ፎቶግራፍ ሁሉም ይየው፤ መደለዝና ማጥፋት የሚችለው ግን ኃላፊነት የወሰደው ሰው ይሁን። ማንበብና መጻፍ ሁለት ልዩ ፈቃዶች መሆናቸውን ዩኒክስ ካስተማረን ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆኖታል።

ሦስተኛ፣ አሮጌውን የኤስ.ኤም.ቢ. ትርጕም እናጥፋ፤ ማስተካከያ ሲወጣም ሳንውል ሳናድር እናስገባ። ፋይል የምንጋራበትን በር ወደ ኢንተርኔት በቀጥታ መክፈት ደግሞ ፈጽሞ አይገባም።

አራተኛ፣ የጋራውን ማኅደር ቅጂ ከመረቡ ውጭ በሌላ ዲስክ እናኑር። ዋናክራይ ከያዛቸው መካከል የቶሎ ፈውስ ያገኘው እንዲህ ያለ ቅጂ የነበረው ነው፤ ከመረቡ ጋር የተያያዘ ቅጂ ግን ከዋናው ጋር አብሮ ሊቈለፍ ይችላል።

ባለቤት የሌለው ንብረት የጋራ ንብረት ይመስላል፤ ነገር ግን የማንም አይደለም። ከ1961 እስከ ዛሬ ያየነው ታሪክ የሚያረጋግጠው ይህንኑ ነው። ለአንድ ሰው የተሠራ ነገር ሁለተኛው ሰው በገባበት ቀን ደንብ ይሻል፤ ደንቡ ካልተሠራለት መተማመኑ ራሱ ለጥፋት በር ይሆናል። በቤት ውስጥ ፈቃድን ለይቶ መስጠት ቤተ ሰብን እንደ መጠርጠር የሚቈጥሩ ሰዎች አሉ። እኛ ግን እንዲህ እንላለን፤ ማን ምን እንደ ተፈቀደለት በግልጥ የታወቀበት ቤት፣ አንዱ በሌላው የማይማረርበትና ሁሉም ያለ ፍርሃት የሚጋራበት ቤት ነው።